ግልባጩ ከዋናው ጋር ትክክል ነው

መስከረም 22

ለአለቃዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ሕፃኗስ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ሳይታጠፍ ደርሶኛል። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ አሁን አሁን ገብቶታል መሰለኝ፣ በካርቶን መሐል አድርጎ ነው የሰጠኝ። ያለፈውን ለአራት አጥፎት የብሬይሉ ነጥብ ሁሉ ተደፍጥጦ ስለነበር ግማሹን በግምት ነው ያነበብኩት።

ወደ ጠየቅከኝ ነገር ልምጣ። አዎ፣ የትምህርት ቢሮህ የላካቸው አራት የተጻፈውን በድምፅ የሚያነቡ ላፕቶፖች ደርሰዋል። ከነሳጥናቸው ንብረት ክፍል ተቀምጠዋል። ለምን አልተከፈቱም ካልከኝ ምክንያት አላጣም። መብራት ይጠፋል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ያለ ርዕሰ መምህሩ ፊርማ ሳጥን አይነካም፤ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ነው የሚታወቀው። ሦስተኛዋ ምክንያት እኔ ነኝ። ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ አልወደድኳቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት ዓይነ ሥውር ልጆችን በዚያች ባለ ቀዳዳ የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና በመውጊያዋ በስታይለስ አስተምሬያለሁ። ልጅ ወረቀቱን ነጥብ በነጥብ እየወጋ ሲጽፍ ቃሉ በጣቱ በኩል ይገባዋል። የሚናገር ማሽን ፊት ሲቀመጥ ግን ጣቱ ይሰንፋል። ሳቅብኝ፤ ድሮም ትስቅብኝ ነበር።

ያቺ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ሚጣ የምንላት፣ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። እንዳንተው ሁለቱም ዓይኗ አያይም። ስልሳ ሁለት ዓይናማ ልጆች መሐል እሷ ብቻዋን ናት። አካቶ ትምህርት ይሉታል፣ አንድ ወንበር ጨምረው። እንዲያም ሆኖ አምና ሦስተኛ ወጣች። ፈተና ሲደርስ እኔ ወዳለሁበት ወደ ድጋፍ ክፍል መጥታ በብሬይል ትጽፋለች፤ እኔ ወደ ዓይናማ ጽሑፍ እገለብጠውና ከታች «ግልባጩ ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብዬ ፈርሜ ለየመምህሩ አደርሳለሁ። ተማሪዬ ሳለህ ላንተም እንዲሁ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለብን?

ሕፃኗን ሳምልኝ።

እትዬህ


ጥቅምት 17

ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? በማሽን የታተመ ብሬይል ስልክልዎት ነፍስ የለውም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮ ውስጥ በእጄ ስጽፍ ጸሐፊዋ ቶክ ቶኩ ራሴን አመመኝ ትላለች።

ከዚያ በኋላ በላኩልኝ አጭር ደብዳቤ የጠየቁኝ ሹመት እውነት ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ የመምህራን ሥልጠና ኃላፊ ነኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ያሳየኛል፤ በሩን ለአምስት ዓመት ስገባበት የኖርኩ ሰው።

ስለ ማሽኖቹ ያሉትን ብቻዎን አላሉትም። አሥራ አንድ ትምህርት ቤት ዞሬአለሁ። አንዷ መምህርት ላፕቶፑን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና እንደ ሙሽራ አስቀምጣዋለች። አንዱ «ቫይረስ አለው» አለኝ፣ ከሳጥኑ እንኳ ሳይወጣ። አንዱ ዘፈን ያዳምጥበታል። የምትሠራበት አንዲት ብቻ አገኘሁ፣ እሷም ሥራ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ነውና አልፈርድባቸውም። ግን ልጆቹ ዓይናሞቹ መሐል ተቀምጠው የሚጽፉትን ማንም አያነብላቸውም። ጥያቄ ሲመልሱ መልሱ ለመምህሩ የሚደርሰው ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ሰው ገልብጦላቸው ነው። እኔ ያን አልወደውም ነበር። ለእርስዎ ነግሬዎት ግን አላውቅም።

ሥልጠና በከፈትኩ ቁጥር ስለ እርስዎ አወራለሁ። የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ላይ በሳይንስ ዘጠና አራት አመጣሁ፣ ከዓይናሞቹ ሁሉ በለጥኩ፣ ያደረሰችኝም አንዲት መምህርት ናት እላለሁ። የነፃ ትምህርት ዕድሉ ከዚያች ዘጠና አራት ተመዘዘ፣ ሥራውም እንደዚሁ። ሰው «አይችልም» ሲለኝ በልቤ የምጠራት እሷን ነው። ሌሎች ክታብ ያስራሉ፣ እኔ ቁጥር አለኝ።

እባክዎ፣ ለሚጣ ሲሉ አንዱን ሳጥን ብቻ ያስከፍቱ።

አለቃ


ኅዳር 19

ለአለቃ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ታመሙ ወይ ላልከኝ፣ ምንም አልሆንኩም።

እንግዲህ አሸነፍክ፣ ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ርዕሰ መምህሩ የቢሮህን ደብዳቤ ይዞ ራሱ መጣ። «ከላይ የመጣ ነው» አለኝ ወደ ኮርኒሱ እያየ። እኔ የማብሪያውን ቁልፍ ስፈልግ ሚጣ በሦስት ሳምንት ለመደችው። አንዱን ጆሮዋን በማዳመጫ ትደፍናለች፣ በሌላው መምህሩን ትሰማለች። ልጆቹ ይከቧታል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ቀልደኛ ማሽኑ ላይ ስድብ ጽፎ አስነበበው። ማሽኑ ስድቡን እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ብሎ ሲያነበው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚጣም አብራ ሳቀች። እዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ደስ አለዎት ወይ ብለህ ጽፈሃል። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ድጋፍ ክፍል ውስጥ ቁጭ እላለሁ፣ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ትናንት ንጹሑን ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወለወልኩት። ጽዳት ሠራተኛዋ ልትባረር መስሏት ደነገጠች።

አንድ ነገር ልለምንህ። ዘንድሮ የአጋማሽ ፈተናውን ሚጣ ራሷ ተይባ፣ ታትሞ ቀጥታ ለመምህራኑ ይሰጥ ተብሏል። በእኔ እጅ አያልፍም። ይህ ለከርሞ ቢቆይስ? ገና በማሽኑ እጇ አልጠናም። አንተ አንድ ቃል ብትናገር ያቆዩታል። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 26

ለእትዬ፣

ልመናዎን አልፈጸምኩም። ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ለራስዎ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ለምነውኝ አያውቁም፤ እንዲህ ሲጽፉልኝ ከብዶኝ ነበር። ግን ያን ቃል ብናገር ሥልጠናውን ሁሉ በአፌ ማፍረሴ ነው።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ደወለልኝ። እርስዎ ያልጻፉልኝን እሱ ነገረኝ። ሚጣ ሳይንስ አርባ አንድ፣ ሒሳብ ሠላሳ ስድስት። አምና ሳይንስ ሰማንያ ስምንት ነበራት። «ማሽናችሁ ልጅቷን ገደላት» አለኝ። አባቷ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ ልጄን መልሱልኝ ይል ነበር አሉ። በዚህ ውጤት የመልቀቂያ ፈተናውን አታልፍም። እዚህም ቢሮ ወሬው ደርሷል፣ ማሽኖቹ ይሰብሰቡ የሚሉ አሉ።

እኔ አንድ ነገር ገርሞኛል። ሰው መሣሪያ ሲቀይር ትንሽ ይወርዳል እንጂ በግማሽ አይወርድም። ማሽኑ መልሷን የሚቆርጥባት ቦታ ይኖር እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ያምና የፈተና ወረቀቶቿን፣ ዋናውን ብሬይል ከነግልባጩ፣ ይላኩልኝ። እርስዎ ወረቀት እንደማይጥሉ አውቃለሁ። አምና የጻፈችውን ዘንድሮ ከተየበችው ጋር አስተያያለሁ። ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ከተገኘ መጥቼ አባቷን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ሕፃኗ ሁለት ጥርስ አውጥታለች። መንከስ ጀምራለች፣ ከኔ ጣት ነው የጀመረችው።

አለቃ


ጥር 4

አለቃ፣

የሚጣን ወረቀት ልኬልሃለሁ። የሳይንሱም የሒሳቡም ዋናው ከግልባጩ ጋር በክር ታስሯል። አይጥ በላው ልልህ አስቤ ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበት። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ይዤ ደወል እስኪደወል ቆሜ ቀረሁ።

ከፍቼ አላየሁትም። ማሽኑን ግን አትውቀሰው።

እትዬህ


ጥር 23

ለእትዬ፣

ይህን በእጄ ነው የምጽፈው። ጸሐፊዋ ለምሳ ወጥታለች።

ትናንት በሩን ዘግተን ተቀመጥን። እሷ ግልባጩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ጣቴን ዋናው ላይ አድርጌ እከተላለሁ። መጀመሪያ አብረን ሄድን። ሦስተኛው ጥያቄ ተክል ምግቡን ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች ጻፊ ይላል። በጣቴ ያገኘሁት «ውሃ፣ አፈር» ብቻ ነው። ጸሐፊዋ «ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃንና አየር» ብላ አነበበች። ተሳስታ መስሎኝ ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ሰባተኛው ላይ ጣቴ ባዶ ወረቀት ላይ ቆሟል፣ እሷ ግን አራት መስመር ታነባለች። ሒሳቡም እንደዚሁ ነው። ሚጣ ግማሽ መንገድ ደርሳ የተወችው ስሌት ግልባጩ ላይ ተጨርሷል።

ከታች «ግልባጩ ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ይላል፣ ፊርማዎም አለበት። ጸሐፊዋ «እንግዲህ ማሽኑን ነው የምንወቅሰው?» አለችኝ። ሻይ ጠጥተሽ ነይ ብዬ አስወጣኋት።

አምና ስንቱ የሚጣ እንደነበር በእርሳስ አስቆጠርኩ። አርባ አራት ነው። ዘንድሮ አርባ አንድ። ልጅቷ ከነበረችበት ያን ያህል አልወረደችም።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷ መንገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ልናደድብዎት ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የጣቴን ጫፍ ስዳብስ ነበር።

ከዚህ በታች አንድ መስመር ጽፌ ነበር። በጥፍሬ ፍቄዋለሁ። እንዳላዩ ይለፉት።

አለቃ


የካቲት 8

ልጄ፣

የፋቅከውን አነበብኩት። ነጥብ ቢደፈጠጥም ጠባሳው እንደማይጠፋ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ሰያፍ ይዤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቀኝ። እመልስልሃለሁ። አስቀድሜ ግን የሚጣን ነገር ልጨርስልህ።

ለሳይንስ መምህሩ ነገርኩት። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ። በሩን ዘጋ፣ መስኮቱንም ዘጋ። «እንግዲህ ነገሩን ከምናጮኸው ወደ ቀድሞው አሠራር ብንመለስስ? የትምህርት ቤቱም ውጤት አለ» አለኝ፤ ያ ከላይ የመጣ ነው ሲለኝ የነበረ ሰው። አባቷ ሱቅ ሄጄ ነገርኩት። እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳ። «ታዲያ ምን ችግር አለው እትዬ? እንደ በፊቱ ያድርጉላት እንጂ» አለኝ። ሁለቱም እንድቀጥል ለመኑኝ። እምቢ አልኩ፤ ጀግንነት እንዳይመስልህ፣ የምገለብጥበትን እስክሪብቶ ማንሳት አስጠልቶኝ ነው።

ሚጣ አልለመነችኝም። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ታዲያ የማውቀው የትኛውን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድጋፍ ክፍል አትመጣም። ኮሪደሩ ላይ የጫማዬን ድምፅ ስትሰማ ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፈኛለች።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ፣ ሰበብ አታድርገው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ይስላል፣ «ይህንን ተመልከቱ» ይላል፣ ያልፋል። እሷ ምኑን ትመልከት? ፈተና ላይ ያ ሥዕል ይጠየቃል። ወረቀቷ ላይ ባዶ ቦታ ሳገኝ ይህ የሷ ጥፋት አይደለም እላለሁ፣ እውነትም አይደለም። አንድ ቃል እጨምራለሁ። ሌላ ጊዜ ልትል የፈለገችውን አውቀዋለሁና እጨርስላታለሁ። ከዚያ እጅ ይለምዳል። ሐሰት እየጻፍኩ ነው ብዬ ያሰብኩበት ቀን የለም። ማሽን ጣት ያሰንፋል ያልኩህም ከልቤ ነበር። ለምን እንደጠላሁት እኔም የገባኝ ዘንድሮ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወደ መምህሩ ሄጄ፣ ሥዕሉን በቃል ንገራት አላልኩትም። ከመጣላት መሙላት ይቀለኝ ነበር።

አሁን ያንተን፣ «የኔንም እንዲሁ ሞልተዋል?» ብለህ የፋቅከውን። አዎ።

የመጀመሪያው አንተ ነህ። የመልቀቂያው የሳይንስ ፈተና ዕለት ትኩሳት ነበረብህ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ነጥቦቹ መስመራቸውን ስተዋል፣ ከዚያ በታች ባዶ ነው። ጥያቄው ስለ ደም ዝውውር ነበር። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ ያንኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግረኸኛል። እንደነገርከኝ አድርጌ ጻፍኩት። ያችን ገጽ ዛሬም ብትሰጠኝ የምሞላት ይመስለኛል፤ ይህን የምልህ እንድታውቀኝ ነው።

የቀሩት ገጾች ላይስ? እዚህም እዚያም ነካክቻለሁ። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። የዚያ ዓመት ወረቀት ጣራው ሲያፈስ በስብሶ ተጥሏል። ከዘጠና አራቱ ስንቱ ያንተ፣ ስንቱ የኔ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ትንሽ ነው ብዬ ልጽፍልህ እችል ነበር፣ ታምነኝም ነበር። ካሁን በኋላ የማላውቀውን አልጽፍም።

አላለቀስኩም። ለምን እንዳላለቀስኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ይቅርታህንም አልለመንኩህም፤ አንተ ቶሎ ይቅር የምትል ልጅ ነህ፣ ያን አውቄ ብለምንህ ነውር ነው።

እትዬህ


ሚያዝያ 12

ለእትዬ፣

ሁለት ወር ዝም አልኩ። ታመመ ወይ ብለው ለባለቤቴ መጻፍዎን ነግራኛለች። አልታመምኩም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ባለቤቴ ትናንት ሆን ብላ ጨው ያልነካው ወጥ ሰጠችኝ፤ ጥሩ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ነው እሷ ያለቀሰችው።

ባለፈው ሐሙስ የልዩ ፍላጎት መምህራን ስብሰባ ነበር። መቶ ሃያ ሰው። እንደ ልማዴ በዘጠና አራቷ ጀመርኩ። ልተዋት አስቤ ነበር፣ አፌ ቀደመኝ። አጨበጨቡ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዲት መምህርት፣ በድምፅዋ የእርስዎ እኩያ የምትሆን፣ «ማነው የገለበጠልህ?» አለች። በክፋት አልነበረም። ሙያዋ ስለሆነ ነው የጠየቀችው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ወንበር የሚያንቀሳቅስ እንኳ ጠፋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ዕድሜ ልኬን በጆሮዬ የኖርኩት ሰው ያን ጸጥታ እስከዚያን ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። መሙላቱን ሁሉም ያውቁታል፣ እትዬ። መቶ ሃያውም ባይሆኑ አብዛኞቹ። ማሽኑን ለምን አልተጠቀማችሁም የሚል መጠይቅ በትኜላቸው «የሥልጠና ማነስ» ብለው የመለሱልኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እኔም ያንን አምኜ ሥልጠና ስጨምርላቸው ከርሜአለሁ።

«አስተማሪዬ ናት» አልኩ። ቀጥዬም «አንድ ቃል አልጨመረችም» አልኩ። ስለ መጨመር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከአፌ ሲወጣ ሐሰት አልመሰለኝም። ለእርስዎ የጎደለብዎትን የሞላሁ ነው የመሰለኝ። ከቅድሙ ይበልጥ አጨበጨቡ። ሲያልቅ እየመጡ ጨበጡኝ። አንዷ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ሄደች።

ስለዚህ ልፈርድብዎት አልችልም። ይቅር ብያለሁ ማለቴም አይደለም። የጻፉልኝን መልስ በየቀኑ አነብበዋለሁ። ስለ ደም ዝውውር የማውቀውን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ አንድም አይጎድለኝም። ግን ያን ጊዜ አውቀው ነበር ወይስ እርስዎ ጽፈውልኝ፣ አገኘህ ተብዬ፣ ከዚያ በኋላ ነው ያወቅሁት? ይህን እርስዎም አይመልሱልኝም።

ማሽኖቹ አልተሰበሰቡም። ሚጣ ትናንት ቢሮ ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከሳይንስ መምህሩ ወስዳ ነው። ሰውዬው አሁን ሰሌዳ ላይ የሚስለውን እየተነጫነጨም ቢሆን በቃል ይነግራታል አለች። በሞዴል ፈተናው ሃምሳ ሦስት አመጣች። ራሷ ተይባው፣ ማንም ሳይነካው። የሳተቻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ነገረችኝ። ያገኘቻቸውንም አንድ በአንድ ነገረችኝ፣ እያንዳንዷን ታውቃታለች። መልቀቂያውን ያሳልፈኛል ወይ አለችኝ። በዚሁ ከቀጠልሽ ለጥቂት ያሳልፍሻል አልኳት። «ለጥቂትም ይሁን» አለች።

እንኳን ደስ ያለሽ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ጸሐፊዋ ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም አልኳት። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ በዚህ ሁለት ወር የተሰማኝ ነገር ይኸ ብቻ ነው። በዚያች ልጅ ቀናሁ።